ከጎተራው ጀርባ የደፋሁት ገንቦ

ሐሙስ፣ ሰኔ 28 ቀን 1892

ዶሮዎቼን አንድ በአንድ እያነሡ ደረታቸውን ዳሰሱ። የሚዳስሰው ባሻ አድማሱ ራሱ ነው፤ በግራው አንጠልጥሎ በቀኙ እየጨመቀ፣ ለፋሲካ ሙክት እንደሚመርጥ ሰው። ገብስማዬ ጮኸች። አውራው ግን በጩኸት ብቻ አልተወውም፤ እጁን በምንቃሩ ወጋው። እሰይ አልኩ በሆዴ።

«ይህ ሥጋ ከየት መጣ አስካለ?» አለኝ።

«ከእግዜር» አልኩት።

«እግዜር በሰኔ ለዶሮ ማሽላ አይሰፍርም!»

ከኋላው የቆሙት ሁለት ሰዎች ሳቁ። በገዛ ግቢዬ ተሳቀብኝ። ይሁን፤ እነሱ ይረሱታል፣ እኔ ጽፌዋለሁ። አባቴ መሪጌታ ፊደል ሲያስቆጥረኝ «ለሴት ምን ሊረባት» ይሉት ነበር። ይኸው፣ ለዚህ ይረባል።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። የሠፈሩ ጎተራ ጎድሏል። ከዘመቻው በኋላ እዚህ አሶሳ አገር የቀረን ወታደርና የወታደር ቤተሰብ ሁሉ፣ እሸት እስኪደርስ የምንበላው ማሽላ እዚያ ውስጥ ነው። ጠባቂው ባሻ ነው። ትናንት ክዳኑን ቢያነሣ ዳር ዳሩ እንዳለ ሆኖ መሐሉ እንደ ገበቴ ሰምጧል። «ሌባው ከመሐል እየዘገነ ነው» ይላል። ክዳኑ የታሰረበት ጠፍር አልተነካም፤ ይህን ራሱ ነው ያወራው። ታዲያ ሌባው በየት ገባ ብሎ የጠየቀው የለም። የእኔን ዶሮዎች ያየ ሁሉ ጥያቄው አልቆለታል።

እውነታቸውን ነው መቼም፣ ዶሮዎቼ ያስቀናሉ። በዚህ ወር የጎረቤቶቼ ዶሮዎች እንደ ባሕታዊ ከስተው፣ ላባቸው ረግፎ፣ አጥር ሥር ተኮራምተዋል። የእኔዎቹ አሥራ ሦስት ሲሄዱ ይወዛወዛሉ። ሦስቱ ቄቦች እንኳ ገና በዚህ ዕድሜያቸው መጣል ጀምረዋል።

ባሻ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሰኞ አውጫጭኝ ይቀመጣል» አለ። ሠፈሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይከተታል ማለት ነው፤ ሌባው ተለይቶ እስኪጠራ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

ሌባ ከተባልኩ ዶሮዎቼ ይወሰዳሉ፣ እኔም ከሠፈር እወጣለሁ። ባሌ በንዳድ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ይህች ጎጆና እነዚህ ዶሮዎች ናቸው። ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ጎጃም? በክረምት? ዓባይን ምን ብዬ ልሻገረው?

እውነቱን ብናገርስ? እውነቱ ደግሞ ከሌብነት የባሰ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 29

እሺ። ዶሮዎቼ የሚበሉት ምስጥ ነው።

ጻፍኩት። ወረቀቱ አልተቃጠለም።

ያስተማረችኝ ሐዋ ናት። ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር፣ ሸክላ ሠሪ ናት። ዓምና ዶሮዎቼ በረኃብ ሲረግፉብኝ ገንቦ ልትሸጥልኝ መጥታ አየቻቸው። ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ኡኽቲ፣ አንቺ ጾም ይጾማል። ዶሮ ለምን ይጾማል?» አለችኝ። እኅቴ ማለቷ ነው። ከዚያ እጄን ይዛ ከቤቴ ጀርባ ያለውን ኩይሳ አሳየችኝ። «ይሄ ሁሉ ሥጋ ነው። አንቺ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፉ የተሸረፈ ገንቦ ይፈለጋል፤ ደኅና ገንቦ ለዚህ አይባክንም። የማሽላ አገዳ ተቀጥቅጦ፣ ደረቅ ኩበት ተፈርፍሮ፣ ውኃ አርከፍከፍ ተደርጎበት እስከ አፉ ይጠቀጠቃል። ወደ ማታ ኩይሳው ጫፉ ላይ ትንሽ ይፈረከስና ገንቦው አፉ ተደፍቶ ይቀመጥበታል። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ቀና ሲያደርጉት ነጭ በነጭ ሆኖ ይርመሰመሳል። ዶሮዎች ፊት ማራገፍ ብቻ ነው። ከረፈደ ምስጡ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ለቁርስ የሚቀረው ኩበት ነው።

እኔ መጀመሪያ ምን አደረግሁ? ብልጥ ነኝ ብዬ እርጥብ እበት ሞላሁበት። ጠዋት ገንቦውን ስገለብጠው ጉንዳን! ምስጡን በልቶ ጨርሶ እኔን ይጠብቃል። ሁለት ጫጩት ገደለብኝ፣ እግሬ ሦስት ቀን አበጠ። ሐዋ ስትሰማ አላዘነችልኝም። «ጉንዳንም ዶሮ አረባ?» አለችኝ።

አሁን እያንዳንዷን አውቃታለሁ፦

ገብስማ ምስጥ ካልሆነ ፌንጣ ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ወይዘሮ ናት።

ወሰራዋ በረሮ ትወዳለች። ቤቴ ውስጥ በረሮ የለም፣ ምስጋናው ለእሷ ነው።

ቀይዋ ከዝናብ በኋላ የመሬት ትል ትጎትታለች፤ እኩሌታውን አውራው ይነጥቃታል። ወንድ።

ለጫጩቶች ትልቅ ራስ ያለውን ምስጥ አልሰጥም፤ ይነክሳል።

ክንፋሙ ምስጥ፣ አሸን፣ በወጣ ቀን ደግሞ ሁሉም እኩል ነው፤ ሠርግ ነው።

ይህን ሁሉ በምሥጢር ይዤዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ በእኛ ዘንድ ምስጥ የሚሳብ ነው፣ ርኩስ ነው። ሰው ቢያውቅ እንቁላሌን ማን ይበላል? ሠፈሩ ግን በልቶታል! እትዬ ጥሩወርቅ፣ የባሻ ሚስት፣ ለሳሏ ጥሬውን ሦስት በማር ጠጥታ ድና «ምን ዓይነት አስኳል ነው፣ እንደ እርድ» ብላ ለአገር አውርታለች።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። የቤቴ ጀርባው ኩይሳ ከሳሳ ወዲህ ገንቦዬን የምደፋው ሌላ ኩይሳ ላይ ነው። በሠፈሩ የሚበልጠው እሱ ነው። ያለውም ከጎተራው ጀርባ ነው። ወደ ማታ፣ ገንቦዬን በነጠላዬ ሸፍኜ። ማን እንዳየኝ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 30

የነፍስ አባቴን አባ ተክሌን ጠየቅኋቸው። በቀጥታ አይደለም፤ «አንዲት ሴት አለች» ብዬ።

ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። ዶሮ ንጹሕ ናት፣ ምስጥ ርኩስ ነው አሉ። ዶሮ መቼም ከጓሮ የምትጭረው ገነትን አይደለም፣ ያንንስ ስትበላ ማን ከለከላት አልኩ። «እሱ ራሷ ፈልጋ ነው። ይህ ግን በሰው እጅ ነው የተሰጣት፣ ልዩነት አለው» አሉ። ከዚያ አሻግረው አዩኝና «ሴትዮዋ ደኅና ናት?» አሉኝ። ያውቃሉ ማለት ነው። ተንኮለኛ ሽማግሌ።

መንገዴን ሁሉ ሳሰላስለው መጣሁ። ዶሮዋ ራሷ ብትበላው ኃጢአት የለበትም። እኔ ስሰጣት ኃጢአቱ ከዶሮዋ ወርዶ በእኔ ላይ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ዶሮዋ ንጹሕ ናት! ተሸካሚዋ እኔ ነኝ። እችለዋለሁ፤ ከዚህ የከበደ ተሸክሜ አውቃለሁ።

ሐዋ ወንዙ ዳር ጭቃ ስታቦካ አገኘኋት፣ ሁሉን ነገርኳት። የመፍራቴ ትርጉም አልገባትም። «አንቺ ሌባ አይደለም። ምስጥ ሰው አይደለም። ማን ይከሳል?» አለች። ስለ ጎተራው ስነግራት ግን እጇን ከጭቃው አወጣች። «ጎተራ የእናንተ እግር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የለውም፣ መሬት ላይ ነው የተሠራው አልኳት። በምላሷ ጧ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። በእነሱ መንደር ጎተራ ሁሉ በድንጋይ ላይ ይቆማል፣ ከሥሩ አመድ ይነሰነሳል። ሲሠራ አማቷ መጥተው ለባሻ ነግረውት ነበር አለች። «በአገሬ ጎተራ መሬት ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ኖሯል» ብሎ መለሳቸው። ይህ የባሻ ነገር ነው፤ የትም ቢሄድ አገሩን ተሸክሞ ይሄዳል።

እሷ ስለ ምን እንደምታስብ ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። ልቤ ሰኞ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 1

ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ራቅ ራቅ ብለው ቆሙ። ሰላምታውን ግን አልነፈጉኝም፤ እንዲያውም አበዙት። ሰው ሊያማህ ሲል ሰላምታው ይረዝማል።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን ክንዴን ይዛ አጥር ሥር ወሰደችኝ። ነጠላዋ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። «እኅቴ አስካለ፣ እኔ አላምንም ይህን ወሬ። ወንዶች ናቸው፣ ታውቂያቸዋለሽ። ሐሙስ የሰኔ ጾም ይፈታል፣ ቤታችን እንግዳ አለ። ስድስት ዶሮ ብትሰጂን ባሻን እኔ አለዝበዋለሁ። ነገሩ ውኃ ሆኖ ይቀራል።»

ስድስት! ከአሥራ ሦስቱ! ደግሞም መርጣለች፤ ገብስማን፣ ወሰራን፣ ቀይዋን በስማቸው ጠራቻቸው።

ምን እንደመለስኩላት ልጻፈው፤ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ ከተናገርኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። «እትዬ፣ ሌባ ከሆንኩ የተሰረቀ እህል የበላ ዶሮ እንዴት ለእንግዳ ይቀርባል? ሌባ ካልሆንኩ ደግሞ ስድስቱን ስለምን እሰጣለሁ?»

እጄን ለቀቀችው። «ምላስሽን ዓባይ ማዶ ታስረዝሚዋለሽ» ብላኝ ሄደች።

ቤቴ ገብቼ በሩን በመወርወሪያ ዘጋሁ፤ ይህንንም ልጻፈው። ጀግንነቴ የሚያገለግለኝ አጥር ሥር እስካለሁ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዝም ካልኩ ሌባ እባላለሁ። ከተናገርኩ የምስጥ ቀላቢ። የምስጥ ቀላቢ እንቁላሏን ባይገዟት እንኳ ቤቷ ትኖራለች። ሌባ ግን ትወጣለች።

እናገራለሁ። በሰው ሁሉ ፊት።

ወደ ማታ ገንቦዬን እንደ ወትሮው ከጎተራው ጀርባ ደፋሁ። ነጠላዬን አላለበስኩትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 2

ፊደሌ ተንጋዷል። ከቁጣም ከሳቅም ነው።

ሳይነጋጋ ተነሥቼ ገንቦውን አመጣሁ። በራሴ ላይ ተሸክሜ፣ በሠፈሩ መሐል፣ የሚያየኝ ይየኝ ብዬ። ጢም ብሎ ነበር። አራገፍኩላቸው፣ ጠገቡ። ከዚያ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ አውጫጭኙ ወደሚቀመጥበት ሾላ ሄድኩ።

ሠፈሩ ሁሉ ከሾላው ሥር ተከቷል። ዝናቡ ያካፋል። ዳኛው ሻለቃ ይመር ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ አንድ ዓይናቸው በጦር የጠፋ፣ በቀረችው ግን የማያዩት የለም። ማሉ፣ አስማሉን። በአውጫጭኝ ያየውን ለሽማግሌ በጆሮ የሚነግር፣ ስሙ የማይጠራ ሰው አለ፤ «ወፍ» ይሉታል። ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነገረኝ። አንዲት ሴት ወደ ማታ ከጎተራው ጀርባ በነጠላ የሸፈነችው ነገር ይዛ ስትመላለስ አይቻለሁ ይላል» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የማን ወፍ እንደሆነ የሚያጠያይቅ አይደለም፤ እትዬ ጥሩወርቅ ጥፍሯን ታይ ነበር።

ተነሣሁ። «ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «የያዝኩት ገንቦ ነው። ዶሮዎቼን የምቀልባቸው ምስጥ ነው። ከኩይሳ በገንቦ አጥምጄ።»

አንዱ ትፍ አለ። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ አንዲት ሴት «ያንን እንቁላል ለልጄ!» ብላ ጮኸች። ባሻ እንኳ ይህን አልጠበቀም። ቢሆንም «ሌብነቷን በርኩሰት ልትሸፍን ነው!» አለ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም፤ ይህችን ግን አስታውሳለሁ፦ «በክፉ ቀን እዚህ ከተቀመጣችሁት ማን ምን እንደበላ ልቁጠር? እኔ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበርኩ፣ ዓይን ነበረኝ። ሰው የቆዳ ጠፍር ቀቅሎ ሲበላ ማን ርኩስ አለ? አሁን የዶሮ ምሳ አስጠየፋችሁ?»

ሳቁ ቆመ። የሚያስታውሱት አስታወሱ።

«ንጉሥ ይሙት፣ እወራረዳለሁ!» አልኩ። «ሌላው በበቅሎ ይወራረዳል፣ እኔ በዶሮዬ። ባሻ ራሱ ይምረጥ። አሁኑኑ፣ ቁርሷ ሳይፈጭ፣ ትታረድና ከረጢቷ ይከፈት። ማሽላ ከተገኘ በእግሬ ወጥቼ እሄዳለሁ። ምስጥ ከተገኘ ባሻ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሞ አስካለ ሌባ አይደለችም ይበል።»

«እኔ በበቅሎዬ!» አለ ባሻ ደረቱን ነፍቶ።

«በቅሎህን ምን ላደርጋት፣ ምስጥ አትበላ» አልኩት። ሻለቃ ጢማቸውን ዳበሱ፤ ሳቃቸውን መደበቃቸው ነው።

ሄዶ ገብስማን ይዞ መጣ። አውቄ ነበር። ምነው አውራውን በመረጠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በስመ አብ ብሎ ባረካት። አላየሁም፣ ሾላውን ነው ያየሁት። አንገቷ ሥር የምታጠራቅምበትን ከረጢት ሰንጥቆ በእንሰት ቅጠል ላይ ዘረገፈው። ምስጥ። ምስጥ በምስጥ። ሰዉ «ኧረ!» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ደግሞ ወደ ፊት።

ያኔ ባሻ ጎንበስ አለና በሁለት ጣቱ አንድ ነገር ለቅሞ አነሣ። «ማሽላ!» አለ። ደግሞ ለቀመ። «ማሽላ! ማሽላ!»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም ማሽላ ነበር፤ አምስት ስድስት ፍሬ። እኔ አጥምጄ የሰጠኋት ምስጥ ነው፣ ማሽላውን ከየት አመጣችው? ለአፍታ እኔም ራሴን ጠረጠርኩት።

«አሳየኝ» የሚል ድምፅ ከዳር መጣ። ሐዋ! ገንቦ ልትሸጥ መጥታ ከሰዉ ኋላ ቆማ ኖሯል። ባሻ ሊያባርራት ሲል ሻለቃ በእጃቸው ከለከሉት። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጨፈለቀቻት። እንደ ዱቄት ፈረሰች፤ ውስጧ ቀይ አፈር ነው።

«ይሄ ማሽላ አይደለም» አለች። «ይሄ የማሽላ ቆዳ ነው። ውስጥ ምስጥ በልቷል። ገንቦ ውስጥ ከምስጥ ጋራ መጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ኡኽቲ፣ ገንቦ የት ደፋ?»

«ከጎተራው ጀርባ» አልኩ። እንደተናገርኩት ገባኝ። ቅዳሜ ወንዙ ዳር እጇን ከጭቃው ያወጣችው ለዚህ ነበር።

ሻለቃም ገባቸው። ምንም አልተናገሩም። ጦራቸውን አንሥተው ወደ ጎተራው ሄዱ፣ ሠፈሩ ሁሉ ተከተለ። ውጭው ያማረ ነው፤ ባሻ በየወሩ በጭቃና በእበት ያስለስነዋል። ሻለቃ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ወጉት። ጦሩ ቅቤ የወጋ ይመስል ያለ ምንም ድምፅ እስከ እንጨቱ ገባ። ሲነቅሉት ቀይ አፈርና ባዶ የማሽላ ቅርፊት ፈሰሰ፤ ከዚያ ኋላ ምስጡ ራሱ ነጭ ሆኖ ተከተለ።

«ሌባችሁ ይኸው» አሉ ሻለቃ። «እሰሩት እንግዲህ።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ቀኑን ሙሉ ማሽላ ስናወጣ ዋልን። እኩሌታው ደኅና ነው፣ ከዳርና ከላይ ያለው። የሐዋ አማት መጥተው አዲሱ የት እንደሚቆም አሳዩ፤ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ላይ ቀርከሃ፣ ከሥሩ አመድ። ባሻ ድንጋይ ተሸከመ። አማትየው በአጠገቡ ሲያልፉ «ሠላሳ ዓመት» ብለው ብቻ አለፉ። ሌላ ቃል የለም። እኚህን ሽማግሌ ብስማቸው ደስ ባለኝ።

የፈረሰውን ጎተራ ሥር ማን እንደሚያጸዳው ጭቅጭቅ ሆነ፤ ምስጡ ይርመሰመሳል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይጮኻሉ። ሄጄ ዶሮዎቼን ለቀቅኋቸው። አሥራ ሁለቱንም። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። እንዴት እንደበሉ! ወሰራዋ ከጥጋቧ ብዛት መሐል ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤቶቼ ከሲታ ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጡ። ማንም እሽ አላላቸውም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ባሻ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። «አስካለ ሌባ አይደለችም» አለ፣ ለጫማው የሚነግር ይመስል። ጫማ እንኳ የለውም።

«አልሰማሁም» አሉ ሻለቃ።

«አስካለ ሌባ አይደለችም!»

እኔ ሰምቼ ነበር። ሁለተኛውን ግን የበለጠ ሰማሁት።

ገብስማዬ የለችም። ጠዋት ስቆጥር አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ አፌ አላርፍ ይላል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

ሌብነቱ ወረደልኝ፣ ምስጡ ግን ቀርቷል። ዛሬ እንቁላል የጠየቀኝ የለም። ነገ ጾሙ ይፈታል፣ በዚህ ጊዜ ዓምና ደጄ ላይ ይሰለፉ ነበር። ትናንት ዶሮዎቻቸው አብረው እንደበሉ ረስተውታል መሰለኝ። አልረሱትም፤ የእነሱ ራሳቸው ፈልገው ነው የበሉት።

አባ ተክሌ ሴቶቹ ጠይቀዋቸው ብይን ሰጡ፦ ዶሮዋ ሦስት ቀን ታስራ ንጹሕ እህል ትብላ፣ ከዚያ ትነጻለች። እኔም በጨዋ ደንብ እጅ ነሥቼ «የትኛውን እህል አባ?» አልኩ። እህል እንኳን ለዶሮ ለሰውም በቁና ነው የሚሰፈር። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አባ ብዙ አሰቡ። «እንግዲህ» አሉ፣ «እኔ አልበላም። የሚበላውንም አልገዝትም።»

ከዚህ በላይ ከቄስ አልጠብቅም።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰኞ የታረደችውን ገብስማን እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ አልበላኋት። ሐዋም የክርስቲያን እርድ አትበላም። ሻለቃ «የሰኔ ጾም የቄስ ነው» የሚሉ ሰው ናቸው፤ በጣባዬ አስይዘዋት ሄደው ነበር። ዛሬ ጣባዬ ታጥቦ ተመለሰልኝ። ያመጣው አሽከራቸው መልእክት አለው፦ «እንዲህ ያለ ዶሮ ጥርሴ ደኅና ሳለም አልበላሁ፤ ለነገ አንድ ትሽጥልኝ በላት።»

አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ለገብስማ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። ለሻለቃ ከቄቦቹ አንዷን ሰጠሁ። ሻለቃ ከበሉ ሁለት ወታደሮች በሉ፤ ወታደሮቹ ከበሉ ሚስቶቻቸው «እስቲ ለወጉ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ሰባት እንቁላል ሸጥኩ። አንዷ ሴት ስትወስድ «ለሳል ነው» አለችኝ፤ ስለ ሳል አልጠየቅኋትም። ትፍ ያለው ሰውዬ ግን ዛሬም አይቶኝ ትፍ አለ። ይትፋ። ምራቁ የራሱ ነው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አጥሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ። በነጠላዋ ውስጥ የሚጎረብጥ ነገር ይዛለች፤ አፉ የተሸረፈ ገንቦ ነው። ግራ ቀኝ አየች። «ዶሮዎቼ አለቁብኝ እኅቴ። እንደምትሠሪው አሳዪኝ። ለማንም ግን አትንገሪ፣ ባሻም አያውቅ።»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ስለ ስድስቱ ዶሮዎች፣ ስለ ወፉ፣ ዓባይ ማዶ ስለሚረዝመው ምላስ። ሁሉም አፌ ላይ ተሰልፈው ነበር። ዶሮዎቿን ሳስብ ተውኳቸው፤ እነሱ ምን አደረጉ?

«አሳይሻለሁ» አልኳት። «ደረቅ ኩበት ይሁን፣ እርጥብ እበት አይደለም። ግን ነገ ጠዋት ነይ። በቀን። ገንቦውን በራስሽ ላይ ተሸክመሽ፣ በሠፈሩ መሐል።»

ፊቷ ጠቆረ። ነጠላዋን አጥብቃ ገንቦዋን እንደታቀፈች ተመለሰች። አትመጣም መሰለኝ። ምናልባት አበዛሁት። አይ፣ አላበዛሁትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 6

መጣች።

በራሷ ላይ። አንገቷን አቅንታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ልትሮጥ ጥቂት ሲቀራት፤ ግን በራሷ ላይ። ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ራቅ ብለው ይከተሏታል። ሊስቁባት ነው ብዬ አፌን ላሾል ስል ከነጠላቸው ሥር የሚጎረብጠውን አየሁ።

«አውጡት» አልኳቸው። «ገንቦ አያፍርም።»